የካሜራ ማዘያ

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 18 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ በሥጋ የአጎቴ ልጅ ልጅ፣ በፍቅር ግን የራሴ ልጅ ለሆንሽው ለሐረገወይን።

የጎንደር አድባራት አምላክ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ቀን ይሰውርሽ፤ መግቢያሽንም መውጫሽንም ይባርክ። እንደምን ከረምሽ? እኔ ከግራ እግሬ በቀር ደኅና ነኝ። እግሬ ከሽሬ ዘመቻ ወዲህ አልታጠፍ ብሎ ቀርቷል፤ ሐኪሙም ከዚህ በላይ አይድንም ብሎኛል። ከአንድ ግሪክ ፎቶ አንሺ ዘንድ ተቀጥሬ የነጋዴና የሹም መልክ አነሣለሁ፤ ለዕለት ጉርሴ ይበቃኛል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ዐብደላ ነው። ታውቂዋለሽ፣ የአዲስ ዓለሙ ነጋዴ፣ ሱቁ ከሱቄ ፊት ለፊት የነበረው። ሰም ጭኖ በመተማ መንገድ ይመላለሳልና መልስሽንም በእሱ እጅ ላኪ።

ባለፈው ሲመጣ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። እናቴ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ሰው ካልደገፋት አትነሣም፤ ቅዳሴ ካስታጎለች ወር አልፏታል አለኝ። እሷ ቅዳሴ አስታጎለች ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ መጥቼ እንዳላያት ስሜ በጣልያን መዝገብ ላይ አለ።

ሃያ ዓመት ሙሉ በጎንደር የሙሽራውን፣ የባላባቱን፣ የሟቹን ሳይቀር መልክ አንሥቻለሁ። የእናቴን አላነሣሁም። ሁልጊዜ ለፋሲካ ስሄድ አነሣታለሁ እላለሁ፤ ፋሲካ ሲደርስ ካሜራው ይከብደኛል፣ ገደሉ ያስፈራኛል፣ እተወዋለሁ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን መልኳ ሙሉ ሆኖ አይመጣልኝም። አፍንጫዋ ሲመጣልኝ ግንባሯ ይጠፋብኛል።

የምለምንሽ ይህን ነው። ካሜራዬን ከደበቅሽበት አውጪና ስሜን ቀጨሞ ድረስ ሄደሽ እናቴን አንሺልኝ። ክረምት ሳይገባ ይሁን። በሱቄ ስድስት ዓመት መልኩ የሚቀረጽበትን መስታወት በጨለማ ስትቀይሪ ኖረሻልና ከአንቺ በቀር ይህን የሚያውቅ በጎንደር የለኝም። የማጠቢያው መድኃኒት ስለሌለሽ እዚያ ለማጠብ አትሞክሪ። ያነሣሽበትን መስታወት ብርሃን ሳይነካው በጥቁር ጨርቅ ጠቅልለሽ ላኪው፤ እኔ እዚህ አጥበዋለሁ።

ትልቁ ጭንቅ ማዘያው ነው። በቅሎ አትከራዪ፤ ባለ በቅሎ ሁሉ በየኬላው ይጠየቃል፣ ከደባርቅ ወዲያ ያለውንም ቁልቁለት በቅሎ አይወርደውም። ካሜራው ከነሣጥኑ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያውና የቀሩት ዐሥራ ሁለት መስታወቶች ተደምረው አንድ ጠቦት ይመዝናሉ። ስለዚህ ቆዳ ሠሪው አያ አለነ የዳዊት ማኅደር በሚሰፋበት ዐይነት፣ ልኩን ግን አተልቆ፣ ከወፍራም የበሬ ቆዳ ይስፋልሽ። በትከሻሽ አንጠልጥይው። የብራና መጽሐፍን ስንት መቶ ዓመት ጠብቆ ያቆየ ሥራ ካሜራዬንም ይጠብቀዋል። የሚያይሽም ሰው ለቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የምታደርሺ ይመስለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴን ከደጇ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጪያት፤ ከኋላዋ ሸንተረሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታይ። አገሬንም አብሬ ልየው።

ሐብተ ማርያም


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአያ ሐብተ ማርያም።

እንደምን ሰነበቱ? የእግርዎን ሕመም ያቅልልዎ፣ የስደትዎን ዘመን ያሳጥርልዎ። እኔም፣ ቤቱም፣ የሱቅዎ ቁልፍም ደኅና ነን። ሱቁን ጣልያኖች የማኪና ጎማ ማስቀመጫ አድርገውታል። በሩን ሰብረው ስለገቡ ቁልፉን የጠየቀኝ የለም፤ እስካሁን ከእኔ ዘንድ ነው።

ካሜራውን ከጎታው ሥር አወጣሁት። የጥቁሩን ጨርቅ ጠርዝ አይጥ ቀምሳዋለች እንጂ ሌላው ደኅና ነው። መስታወቶቹም ከነሣጥናቸው ታሽገው አሉ።

ስለ ማዘያው እንዳዘዙኝ ከማድረጌ በፊት ሌላም አይቼ ነበርና አይቆጡኝ። ቅዳሜ ገበያ አንድ ሰው የጣልያን ወታደር በጀርባው የሚያዝለውን የሸራ ቦርሳ ይዞ ሲሸጥ አገኘሁት። ሁለት ማንገቻ አለው፤ ካሜራው ልክክ ብሎ ይገባበታል። አንግቼ ሞከርሁት፣ ሸጋ ነበር። በኋላ ውስጡን ስገልጥ የደረቀ ደም አየሁ። ይህን አዝዬ ኬላ ብደርስና የማን ነበር ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ሰውዬው ዋጋ እየቀነሰ ቢከተለኝም ጥዬው ሄድሁ። ትልቁን አገልግልም ሞክሬ ነበር፤ ካሜራው ገባ፣ ክዳኑ ግን አልገጥም አለ።

ከዚያ ወደ አያ አለነ ሄድሁ። ምን እንደሚገባበት ስላልነገርሁት፣ ይህን የሚያህል ዳዊት የት ነው ያለ እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። የአንድ ገዳም ነው አልሁት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እሱም አምኖ በላዩ ላይ መስቀል አተመበት፤ እውነትም የሚያምር ሥራ ነው። ቆዳው ግትር ስለሆነ በቅቤ አሽው ብሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ ሳሸው አንድ ቅል ቅቤ ጠጣ። እኔ ለራሴ ፀጉር ቅቤ ካጣሁ ሰንብቻለሁ።

ጥምቀት እንዳለፈ እነሣለሁ። እስከዚያ እማሆይን ያቆይልን።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሸንተረሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲታይ ካሜራውን በጣም ማራቅ አለብኝ። ያን ጊዜ የእማሆይ ፊት ባቄላ አይሞላም። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። የትኛው ይሻልዎታል?

ልጅዎ ሐረገወይን


ገዳሪፍ፣ ጥር 20 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሐረገወይን።

የጀመርሽውን የሚያስጨርስ አምላክ ከፊትሽ ይቅደም። ደብዳቤሽ ከትናንት ወዲያ ደረሰኝ፤ ይህ ሲደርስሽ ከቀጨሞ ተመልሰሽ ይሆናል። ካልሄድሽ ግን እንዲህ አድርጊ።

የትኛው ይሻልዎታል ላልሽው፣ ሁለቱንም አንሺ። መስታወት አላነሰሽም። ሁለቱን ለእናቴ አድርጊ፤ የቀሩትን ሸንተረሩን ከደጇም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በርም፣ ከምንጩም በኩል እያዞርሽ አንሺበት። ከሥሩ ጣልያን አዲስ መንገድ አውጥቷል ይላሉ፤ ማኪና የሚዞርበትን ቦታ አትርሺ። ጣልያን አገሬን ምን እንዳደረጋት ማየት እፈልጋለሁ። እዚህ አብረውኝ የሚቀመጡ አንዳንድ ሰዎችም ስለ ስሜን ይጠይቁኛል፤ በቃል ብቻ ስነግራቸው አልረካም።

ጧት ፀሐይ ከግራሽ ስትሆን አንሺ። የካሜራውን ዓይን በምራቅ አትጥረጊ። መቆሚያውን ለውርጭ አታሳድሪው፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል። መስታወቶቹን አቁመሽ እንጂ አስተኝተሽ እንዳታዝያቸው። ቅቤውን ማሸትሽ መልካም ነው፤ ቆዳ ያለ ቅቤ ይሰበራል።

ሐብተ ማርያም


ጎንደር፣ የካቲት 24 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአያ ሐብተ ማርያም።

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። እኔ በሕይወት አለሁ፤ ነገሩ ግን እንዳሰብነው አልሆነም። ቶሎ ያልጻፍሁልዎ አፍሬ ነው።

ጥር 14 ቀን ማኅደሩን በቀኝ ትከሻዬ አንጠልጥዬ ተነሣሁ። መቆሚያውን እንደ ምርኩዝ ያዝሁት። እስከ ወለቃ ድረስ ደኅና ነበርሁ። ከዚያ በኋላ ሸክሙ ወደ አንድ ጎን ስለሚስበኝ እንደ ሰካራም ዘንበል ብዬ ነበር የምሄደው። ሽቅብ ስወጣ ወደ ኋላ ይጎትተኛል፤ ቁልቁል ስወርድ ዞሮ ሆዴን ይመታኛል። አምባ ጊዮርጊስ ሳልደርስ ማንገቻው ቀሚሴን በልቶ ወደ ሥጋዬ ገባ። በቀትር ፀሐይ ደግሞ ቆዳው የጠጣውን ቅቤ መልሶ ማላብ ጀመረ። ዝንብ ተከተለኝ።

በሦስተኛው ቀን ዳባት ልደርስ ስል አንዲት ትንሽ ቁልቁለት ላይ ማኅደሩ ዞሮ ገፈተረኝና ወደቅሁ። ሲሰበር ሰማሁት። እዚያ መክፈት ስለማይቻል ሳላየው አዝዬው ተመለስሁ። ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ደፍኜ በጣቴ ዳሰስኋቸው። ሰባቱ ተሰብረዋል። ከቀሩት ከአምስቱ ሦስቱን ቅቤው በሣጥኑ መገጣጠሚያ ገብቶ ቀብቷቸዋል። የሚሆኑት ሁለት ብቻ ይመስሉኛል። የካሜራው ዓይን ደኅና ነው።

አያ አለነ ምንም አላጠፋም። እሱ የሰፋው ለመጽሐፍ ነው፤ ብራና ቅቤ ቢነካው ምንም አይልም። ያጠፋነው እርስዎና እኔ ነን።

ስመለስ ወለቃ አጠገብ ከመንገድ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ ማስተዋል መጣች። ያስታውሷት ይሆናል፣ ከቤተ እስራኤል ወገን ናት፤ ሸክላ እየሠራች ከሱቃችን ደጅ ትሸጥ ነበር። ዳባት ገበያ ውላ ባዶ ቅርጫቷን አዝላ ስትመለስ ነው። ከሩቅ ቆማ አየችኝና፣ «ምነው እቴ፣ በአንድ ትከሻ የሚሸከም ቄስ ብቻ ነው» አለችኝ። አመመኝ እንጂ ሳቄ መጥቶብኝ ነበር።

ሰው ከእነሱ ወገን ካልሆነ መንካት በሥርዓታቸው ስለማይሆን ቅርጫቷን መሬት ላይ አስቀምጣ ፈንጠር አለችና አንሥተሽ እዪው አለችኝ። አያ፣ ያን ቅርጫት ቢያዩት! ሁለት ሰፋፊ የቆዳ ማንገቻ አለው፣ እንደ አንቀልባ በደረት ላይ የሚጋጠም። ከታች ደግሞ በዳሌ ላይ የሚታሰር ቀበቶ አለው፤ ሸክሙ በትከሻ ሳይሆን በዳሌ ላይ ያርፋል። ከባዱ ዕቃ ጀርባሽን ይንካ፣ ቀላሉ ወደ ውጭ ይሁን፣ በመካከሉ ጭድ ጠቅጥቂ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ገና አልታሰረም ማለት ነው አለችኝ። በዚህ ዐይነት ሃያ ዓመት ሙሉ ሸክላ ዳባት አድርሳለች፤ በዓመት አንድ ድስት ቢሰበርባት ነው።

ማስተዋል እንዲህ ያለ ቅርጫት ልታበጅልኝ ፈቅዳለች። ትከሻዬ እንደሻረ በሱ እንድሄድ ይመርቁኝ።

ልጅዎ ሐረገወይን


ገዳሪፍ፣ መጋቢት 22 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለሐረገወይን።

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሰባት መስታወት! ከካይሮ ያስመጣኋቸው ናቸው፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚላክልኝ የለም። ካሜራውን ፀሐይ ላይ ዘርግተሽ ፈትሺው፤ እንደ ወናፍ የሚታጠፈው ቆዳ ላይ ስንጥቅ ካለ በሰም ድፈኚው።

ስለ ወለቃዋ ሴት የጻፍሽውን አልወደድሁትም። የሸክላ ሠሪ እጅ ካሜራዬን እንዳይነካ። የዓይናቸውን ነገር አንቺም ከልጅነትሽ የሰማሽው ነው፤ እኔ እንደገና መጻፍ አያስፈልገኝም። ከዕቃቸው ጋር የእናቴ ደጅ መግባት ደግሞ የባሰ ነው። ያንኑ ማኅደር አያ አለነ ሁለተኛ ማንገቻ ይጨምርበት፤ ቅቤውንም በአመድ ጥረጊው።

ሁለት መስታወት ከቀረሽ በሁለቱም ላይ ሸንተረሩ ይኑር። እናቴ ለመነሣት ከደከማት አታስቸግሪያት፤ ሸንተረሩ ብቻውን ይበቃል። ብቻ ከግንቦት አጋማሽ በፊት ይድረሰኝ። ከዚያ በኋላ አይጠቅምም።

ሐብተ ማርያም


ጎንደር፣ ግንቦት 3 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአያ ሐብተ ማርያም።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ዐብደላ አንድ የሰም ድቡልቡል ይሰጥዎታል። በመካከሉ በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ መስታወት አለ፤ በጨለማ ይክፈቱት። አንድ ብቻ ነው። የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ልጻፍልዎ።

ቃልዎን አልጠበቅሁም። በማስተዋል ቅርጫት ሄድሁ። ከመነሣቴ በፊት ወለቃ ወርጄ ከመንደራቸው ውጭ ካለው ዛፍ ሥር አሰናዳን። እሷ ትናገራለች፣ እኔ አስገባለሁ። ካሜራውን ከጀርባ በኩል፣ መስታወቶቹን በጭድ መካከል፣ መቆሚያውን በጎን፣ ከላይ ደግሞ እሷ ያዋሰችኝን ዐሥር ትናንሽ ድስቶች። አዝዬው ስነሣ ቀበቶው አልጠበቀም፤ ከኋላ ሌላ ሰው ካላሰረው አይጠብቅም። ሁለት ጊዜ ሞከርሁ። ማስተዋል ቆማ አየችኝ። ከዚያ መጣችና በሁለት እጇ ጀርባዬን ይዛ አሰረችልኝ። እኔን ከነካች በኋላ ወንዝ ወርዳ መታጠብ፣ ጀምበር እስክትጠልቅም ከመንደሯ ውጭ መቀመጥ ነበረባት። ገና ጧት ነበር። ዞሬ ሳይ ወደ ወንዙ ስትወርድ አየኋት።

ክርስቲያን መሆኔ እንዳይታወቅ ማተቤን በቀሚሴ ውስጥ ሸሸግሁት። ዳባት ኬላ ሦስት ባንዳዎች አገኘሁ። አንደኛው በዱላው ቅርጫቱን ሊነካው ሲል ሌላው ክንዱን ያዘው።

«ተዋት፣ ሸክላ ሠሪ ናት። ዕቃዋን ነክተህ ኋላ ታማ እንዳትተኛ» አለው።

ሦስቱም ራቅ ብለው አሳለፉኝ። ማኅደሩን ይዤ ቢሆን ኖሮ ሊሳለሙት ያስከፍቱኝ ነበር። ያዳነን ያ የሚፈሩት ነገር ነው። ግን እሱው ነገር የመሸብኝ ዕለት ማደሪያ አሳጣኝ። አንዲት ሴት እንደ እኔ ማተብ ያሰረች፣ ደጇ ብደርስ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነችና በሩን ዘጋችብኝ። ማተቤን አውጥቼ ባሳያት ታስገባኝ ነበር። አላወጣሁትም፤ ከአህዮች ጋር አደርሁ። አያ፣ ስለ ዓይናቸው የጻፉልኝን አራት ቀን በራሴ ላይ አየሁት። ማስተዋል ሃያ ዓመት እንዲህ ሆና ነው ገበያ የምትውለው። ከእንግዲህ ይህን ቃል አይጻፉልኝ።

ሸክሙ ግን እንዳለችው ነው። ከደባርቅ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት ስወርድ አንዲት ድስት እንኳ አልተንኳኳችም።

ቀጨሞ የደረስሁ ሚያዝያ 18 ቀን ነው። እማሆይ ከደጃቸው ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። በጣም ቀጥነዋል፤ ዓይናቸውና ነገራቸው ግን ያው ነው። እርስዎ እንደላኩኝ ስነግራቸው እግሩስ አሉ፤ ይሄዳል አልኋቸው። ድንጋዩ ላይ አስቀምጬ ካሜራውን ራቅ አድርጌ ተከልሁ። በጨርቁ ውስጥ ሆኜ የመጀመሪያውን መስታወት ስዳስስ ቅባት ነው። ቅቤው እሱንም አግኝቶታል። የቀረኝ አንድ ብቻ ሆነ።

ያን ጊዜ ነው በካሜራው በደንብ ያየሁት። እንደሚያውቁት ነገሩ ሁሉ ተገልብጦ ነው የሚታየው። እማሆይ ባቄላ አክለው በአንድ ጥግ ተዘቅዝቀዋል። የቀረው ሁሉ ሸንተረሩ ነው። የጣልያን ምሽጉ፣ ድንኳኖቹ፣ መድፎቹ፣ ድንጋይ የምታራግፈው ማኪና፣ ሁሉም አንድ ባንድ ይቆጠራል። ስለ ማኪና መዞሪያው የጻፉልኝ ትዝ አለኝ። ሸንተረሩ ብቻውን ይበቃል ያሉኝም፣ ከግንቦት በኋላ አይጠቅምም ያሉኝም ትዝ አለኝ። ሥዕሉ የተፈለገው ለጦር እንደሆነ ገባኝ። ከመምጣቴ ሁለት ሳምንት በፊት ለአርበኞች ስንቅ አቀበላችሁ ተብሎ ከማዶው መንደር ሦስት ቤት ተቃጥሏል። ይህ መስታወት ኬላ ላይ ቢያዝ ከማን ደጅ እንደተነሣ በላዩ ላይ ይታያል፤ እማሆይ ራሳቸው ምልክት ሆነው ተቀምጠዋል።

ከጨርቁ ስወጣ እማሆይ ያዩኛል።

«እኔን ነው የምታዪ፣ ከኋላዬ ያለውን?» አሉኝ።

መዋሸት አልቻልሁም። ልጅዎ ሸንተረሩን ነው የፈለገው አልኋቸው። ለምን እንደሚፈልገውም የመሰለኝን ነገርኋቸው። አላዘኑም አልልም፤ ከንፈራቸውን ሲነክሱ አይቻለሁ።

«ሸንተረሩ የት ይሄዳል፤ እኔ ነኝ የምሄድ። ቅረቢ» አሉኝ።

ቀረብሁ። መቆሚያውን ነቅዬ ከፊታቸው ሁለት ክንድ ላይ ተከልሁት። ፊታቸው ሙሉውን መስታወት ሞላው። ዓይኑን ከፍቼ አራት እስክቆጥር አነሣኋቸው።

ሸንተረሩ የለበትም። ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ የሚቆጣ ካለ እኔን ይቆጣ። ቢነግሩኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር አልልም። ባሌ በሽሬ ቀርቷል፤ ጣልያን ከአገራችን እንዲወጣ ከእርስዎ ያነሰ አልመኝም። ብቻ የእናትዎን ስም ጠርተው ባላስነሡኝ፣ እሳቸውንም ሳያውቁ ከመድፍ ፊት ባላስቀመጡብኝ። ይህ አሳዝኖኛል።

ልጅዎ ሐረገወይን


ገዳሪፍ፣ ግንቦት 29 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሐረገወይን፤ ልጄ ልበልሽ ብትፈቅጂልኝ።

መመረቅ ለእኔ አይገባኝምና የእናቴ አምላክ ይባርክሽ። መስታወቱ ደኅና ደረሰ። ያጠብሁት ብቻዬን ነው። ስለ ስሜን ይጠይቁኛል ያልሁሽ ሰዎች ውጭ ሆነው ይጠብቁኝ ነበር።

የጻፍሽው ሁሉ እውነት ነው። ሰዎቹ ይህን ካመጣህ ከሚገባው ጦር ጋር በበቅሎ ጭነን አገርህ እናገባሃለን ብለውኛል። ለአገሬም ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ እሱም ውሸት አይደለም። ነገር ግን ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ እናቴን ለምን ድንጋዩ ላይ እንዳስቀመጥኋት አየሁት። የምትጠራጠሪ መስሎኝ ነበር እንጂ የምታዝኚ አልመሰለኝም ነበር።

በመድኃኒቱ ውስጥ መጀመሪያ የመጣልኝ ግንባሯ ነው። ከዚያ ዓይኗ። ከዚያ በግራ ጉንጯ ያለችው ጠባሳ፣ በልጅነቴ ድንጋይ ስወረውር የመታኋት። ሃያ ዓመት ሠርቼ እንዲህ ያለ ሥራ አላወጣሁም። ተቀምጬ አለቀስሁ። ወጥቼ ለሰዎቹ ቅቤ አበላሸው አልኋቸው። የቅቤውን ታሪክ ስነግራቸው ሳቁና አመኑኝ። ለማንም አላሳየሁትም።

አንድ ነገር ብቻ አላስቀምጠኝ ብሏል። ፊቷ ሁሉ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ አፏ ግን ደብዝዟል። ከንፈሯ ተንቀሳቅሷል። አንቺ ስትቆጥሪ እናቴ ትናገር ነበር። ምን እያለች ነበር? ለእኔ የላከችው ቃል ከሆነ አትደብቂኝ። እርግማንም ቢሆን ጻፊልኝ፤ አልቀየምሽም።

ሐብተ ማርያም


ጎንደር፣ ጥቅምት 14 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለአያ ሐብተ ማርያም።

ያጸናዎ። ይህን ቃል ያስቀደምሁበትን ምክንያት ያውቁታል። እማሆይ ወለተ ሚካኤል ነሐሴ 10 ቀን በፍልሰታ ጾም ዐርፈዋል። ሰምቼ ቀጨሞ ስደርስ አርባቸው ነበር። ቆርበው ነው የሄዱት፤ ቀብራቸውም ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በመስከረም መጨረሻ ነው። የጣልያንና የእንግሊዝ ጦርነት መተማን ስለዘጋው ዐብደላ በአርማጭሆ ዞሮ፣ ሳንጃ ሦስት ሳምንት ተደብቆ ነው የመጣ። ይህንንም በዚያው መንገድ ይሞክራል፤ መድረሱን እንጃ።

ስለ ጠየቁኝ ነገር ብዙ ቀን አሰብሁ። ደስ የሚያሰኝዎትን ቃል ልጽፍልዎ ብዕሩን አንሥቼ ነበር። ይቅር ብዬዋለሁ አሉ ልልዎ ነበር። ኋላ ግን አንድ ጊዜ በሳቸው ስም ተዋሽቷል፤ ሁለተኛ በእኔ እጅ አይሁን ብዬ ተውሁት።

ለእርስዎ የላኩት ቃል አልነበረም። ዝም ይበሉ እማሆይ፣ አራት እስክቆጥር እንዳይንቀሳቀሱ ብያቸው ነበር። እኔ ስቆጥር ሳላውቀው በግራ እጄ ወገቤን ይዤ ኖሯል። ሦስት ስል አዩኝ።

«ከበደሽ?» አሉኝ።

መስታወቱ ላይ ያዩት ያ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ከጎንደርም ከገዳሪፍም ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። አዎን አልኋቸው፤ ካሜራውን ትቼ እግራቸው ሥር ተቀመጥሁ።

ሐረገወይን